ቀናት በሚፈጅ የኦንላይን ቼዝ ማጭበርበርና ሐቀኛ ጨዋታ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅና ከወልድያ በቴሌግራም የምንገናኝ የቼዝ ወዳጆች ነን። አብዛኞቻችን የምንጫወተው ለአንድ እርምጃ አንድ፣ ሦስት ወይም ሰባት ቀን የሚሰጠውን ዝግ ያለ ጨዋታ ነው። ለኑሯችን ይስማማል። ሰኞ ባቲ ገበያ የሚውል ነጋዴ ማታ ቤቱ ሲገባ ያስብበታል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪው ፈተናውን ጨርሶ ይመለስበታል። መብራት ቢጠፋም ሰሌዳው ይጠብቃል።

አዲስ ሰው ወደ ቡድኑ በገባ ቁጥር ግን ያው ጥያቄ ይመጣል። አንዳንዴ ጭቅጭቅም ይከተላል። ስለዚህ መልሶቹን እዚህ ሰብስቤያለሁ። በዋናነት የማወራው ሊቼስና ቼስ ዶት ኮም ስለሚባሉት የቼዝ መጫወቻ ድረ ገጾች ነው፤ እኛ የምንጫወተው እዚያ ስለሆነ።

በዝግታ በሚካሄድ ጨዋታ ማጭበርበር የሚባለው ምንድን ነው?

ሰሌዳው ላይ ላለው አቀማመጥ የሚያስበው የእናንተ ጭንቅላት መሆን አለበት። ሌላ አካል ካሰበላችሁ ማጭበርበር ነው። ያ ሌላ አካል እንደ ስቶክፊሽ ያለ ኢንጂን፣ ማለትም ቼዝ የሚያሰላ የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ ሊሆን ይችላል። ከእናንተ የተሻለ የሚጫወት ጓደኛም ሊሆን ይችላል። በተጨማሪ በሰው አካውንት መጫወት፣ ሆን ብሎ መሸነፍና ነጥብ መሰጣጠትም የተከለከሉ ናቸው።

መጽሐፍና የጨዋታ ዳታቤዝ ማየትስ?

ይፈቀዳል። ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው። በአምስት ወይም በአሥር ደቂቃ ጨዋታ መጽሐፍ ገልጦ ማየት ማጭበርበር ነው። በቀን በሚቆጠረው ጨዋታ ግን የመክፈቻ፣ ማለትም የጨዋታው የመጀመሪያ እርምጃዎች፣ መጽሐፍ ማንበብም፣ ታላላቅ ተጫዋቾች ከዚህ በፊት ምን እንደተጫወቱ ማየትም በሁለቱም ድረ ገጾች የተፈቀደ ነው። እንዲያውም ሊቼስ የመክፈቻ ዳታቤዙን እዚያው ጨዋታው ውስጥ እንድትከፍቱት ያደርጋል።

ፈቃዱ የመጣው ከደብዳቤ ቼዝ ነው። ድሮ ሰዎች እርምጃቸውን በፖስታ ይላላኩ ነበር። ለንደንና የስኮትላንዷ ኤዲንብራ እ.ኤ.አ. ከ1824 እስከ 1828 እንዲህ ተጋጥመው ኤዲንብራ አሸንፋለች። ዛሬ ስኮች ጌም የሚባለው መክፈቻ ስሙን ያገኘው ከዚያ ግጥሚያ ነው። ተጫዋቹ ቤቱ ቁጭ ብሎ መደርደሪያው ላይ ያለውን መጽሐፍ ቢያገላብጥ ማን ያየዋል? ማን ይከለክለዋል? ስለዚህ መጽሐፍ የጨዋታው አካል ሆኖ ቀረ። እኔ ይህን ፈቃድ እወደዋለሁ። አሠልጣኝ በሌለበት ከተማ አንድ መክፈቻ በደንብ የሚጠናው እንዲህ ነው፤ ጨዋታው እየተካሄደ፣ መጽሐፉ ጎን ተቀምጦ።

ታዲያ ኢንጂን ከመጽሐፍ በምን ይለያል? ሁለቱም እርዳታ አይደሉም?

ሁለቱም እርዳታ ናቸው። ግን መጽሐፉ የእናንተን ጨዋታ አያውቅም። ሌሎች ሰዎች ከዚህ በፊት ያደረጉትን ይነግራችኋል። አሥረኛው ወይም አሥራ አምስተኛው እርምጃ ላይ ያልቅና ብቻችሁን ትቀራላችሁ። ከዚያ በፊትም ቢሆን ከሦስት አማራጭ የሚስማማችሁን የምትመርጡት እናንተ ናችሁ። ለምን እንደሚሠራ ካልገባችሁ ደግሞ መጽሐፉ ባለቀ በሁለተኛው እርምጃ ትሳሳታላችሁ።

ኢንጂን ግን ሰሌዳችሁ ላይ ያለውን ራሱን አቀማመጥ ወስዶ መልሱን ይሰጣችኋል። ለማሰብ የቀረላችሁ ነገር የለም። ዲፕ ብሉ የተባለው ኮምፒውተር እ.ኤ.አ. በ1997 የያኔውን የዓለም ሻምፒዮን ካስፓሮቭን ሲያሸንፍ የአንድ ትልቅ ኩባንያ ልዩ ማሽን ነበር። ዛሬ በነጻ የሚገኘው ስቶክፊሽ ተራ ስልክ ላይ ተጭኖ የዓለም ሻምፒዮኑን ይበልጣል። ተጋጣሚያችሁ ከእናንተ ጋር እየተጫወተ መስሎት ሦስት ቀን ሲጨነቅ የሚጨነቀው ከዚያ ፕሮግራም ጋር ነው። ይህን አልነገራችሁትም። በደሉ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ሌላም ጉዳት አለ፤ እሱ የራሳችሁ ነው። ይህ ጨዋታ ከፈጣኑ የሚለየው ለማሰብ ጊዜ ስላለ ነው። አንድ አቀማመጥ ማታ አይታችሁ፣ ጠዋት ታክሲ ውስጥ ሳላችሁ ድንገት ይገባችኋል። ያ ደስታ ሌላ ቦታ የለም። ኢንጂን የከፈተ ሰው ያንን ጣጥሎ የሚያገኘው ቁጥር ብቻ ነው።

ለማሸነፍ ሳይሆን፣ ትልቅ ስህተት እንዳልሠራ ብቻ አንዴ ባረጋግጥስ?

አይቻልም። «አንዴ ብቻ» የሚባለው ብዙውን ጊዜ ጨዋታው የሚወሰንበት ሰዓት ላይ ነው። ንግሥታችሁ እንደማትበላ ማረጋገጥ ራሱ ትልቅ እርዳታ ነው፤ ተጋጣሚያችሁ ያ ማረጋገጫ የለውም። ፈተናው የሚከብደውም ለዚህ ነው። ሰዓት አያጣድፍም፣ ማንም አያይም፣ ስልኩ እጅ ላይ ነው።

እኔ የምመክረው እንዲህ ነው። ጨዋታው እስኪያልቅ ጥርጣሬያችሁን በማስታወሻ ጻፉ። ሊቼስ ላይ ለራሳችሁ ብቻ የሚታይ ማስታወሻ መጻፊያ አለ። «እዚህ ፈረሱን ባመጣ ይሻል ይሆን?» ብላችሁ አስቀምጡት። ጨዋታው ሲያልቅ ኢንጂኑን ክፈቱና አንድ በአንድ ጠይቁት። ብዙ የምትማሩት ያኔ ነው፤ የራሳችሁ ሐሳብ ከጎኑ ተጽፎ ስለሚጠብቃችሁ።

ያለቀ ጨዋታዬን በኢንጂን ባየውስ? ያ ይፈቀዳል አይደል?

ይፈቀዳል፤ ግን አንድ ወጥመድ አለው። በአንድ ጊዜ አምስትና ስድስት ጨዋታ የምትጫወቱ ከሆነ ተመሳሳይ መክፈቻ በሁለት ሰሌዳ ላይ ሊገጥማችሁ ይችላል። አንዱ አለቀ እንበል፤ በኢንጂን ገመገማችሁት። ሁለተኛው ግን ገና አሥራ ሁለተኛው እርምጃ ላይ ነው፤ አቀማመጡም ያው ነው። እንግዲህ ሳታስቡት በመካሄድ ላይ ያለ ጨዋታ በኢንጂን አያችሁ ማለት ነው። ይህ ክልክል ነው። ስለዚህ ያለቀውን ከመገምገማችሁ በፊት የቀሩትን ሰሌዳዎች ተመልከቱ። ተመሳሳይ ካለ ግምገማውን አቆዩት።

ጨዋታው ከመጀመሩ ከወራት በፊት በኢንጂን ታግዛችሁ ያጠናችሁት መክፈቻ ግን ዕውቀታችሁ ነው፤ ያንን ማንም አይከለክላችሁም።

ጓደኛዬ ከጎኔ ቁጭ ብሎ «ይሄን አንቀሳቅስ» ቢለኝስ?

ይህን የሚጠይቁኝ ሰዎች ከልባቸው ነው የሚጠይቁት፤ ይገባኛል። እኛ ዘንድ ጨዋታ ብቻ ለብቻ አይደለም። ደሴ ፒያሳም ሆነ ኮምቦልቻ ሁለት ሰው ዳማ ከያዘ አምስት ሰው ዙሪያውን ይቆማል። ቆርኪው ሳይነካ «ተው! ትበላለህ!» የሚል አይጠፋም። ተጋጣሚውም ይቆጣል፣ ይስቃል፣ ጨዋታው ይቀጥላል። ሁለቱም እየሰሙ ነውና እዚያ ማንም አልተታለለም።

ኦንላይን ግን ተጋጣሚያችሁ ከጎናችሁ ያለውን ሰው አያየውም። ቻግኒ ወይም ማኒላ የተቀመጠ ሰው አንድ ለአንድ እየተጫወተ መስሎት ቡና የሚጠጣ ጉባኤ ቢገጥመው ፍትሕ አይደለም። ሁለቱም ድረ ገጾች የሌላ ሰው ምክር ይከለክላሉ። ሬቲንግ፣ ማለትም የተጫዋቹ የደረጃ ነጥብ፣ ባይቆጠርም ክልከላው አይነሳም።

ተባብሮ መጫወት የፈለገ ተጋጣሚውን አስቀድሞ ይጠይቅና በግልጽ ያድርገው። እ.ኤ.አ. በ1999 ካስፓሮቭ በኢንተርኔት ከመላው ዓለም ጋር የተጫወተው እንዲህ ነበር። ለአንድ እርምጃ 24 ሰዓት ይሰጥ ነበር። ከ75 በላይ አገር የመጡ ሰዎች እየተወያዩ እርምጃውን በድምፅ ይመርጣሉ። ኮምፒውተርም ይጠቀሙ ነበር። ጨዋታው አራት ወር ያህል ፈጅቶ በ62 እርምጃ ካስፓሮቭ አሸነፈ። ማንም ማጭበርበር አላለውም፤ ሁሉም ገና ከመጀመሩ ያውቁት ነበርና። በቡድናችን ደሴ ለኮምቦልቻ እንዲህ ዓይነት የከተማ ግጥሚያ ብናዘጋጅ ደስ ይለኛል። ማን እንደሚመክርና ኢንጂን መፈቀድ አለመፈቀዱ አስቀድሞ ይጻፍ እንጂ።

ቻትጂፒቲን ብጠይቅስ?

ያው የውጭ እርዳታ ነው፤ አይፈቀድም።

ጥቂት ጠጠር ሲቀር ትክክለኛውን መልስ የሚነግር ቴብልቤዝ አለ። እሱ እንደ መጽሐፍ አይቆጠርም?

አይቆጠርም። ቴብልቤዝ ሰሌዳው ላይ እስከ ሰባት ጠጠር ሲቀር እያንዳንዱን አቀማመጥ እስከ መጨረሻው ያሰላ ክምችት ነው። ግምት የለውም፤ አቀማመጡ ማሸነፊያ፣ መሸነፊያ ወይም አቻ መሆኑን ያለ ስህተት ይናገራል። ሊቼስም ቼስ ዶት ኮምም በጨዋታ መሐል ይከለክሉታል። የፍጻሜ ጨዋታ መጽሐፍ ግን ይፈቀዳል። ሩክና ወታደር ለሩክ የሆነ አቀማመጥ ሲገጥማችሁ የፊሊዶር የሚባለውን የፍጻሜ መከላከያ ዘዴ ከመጽሐፍ አንብባችሁ ሰሌዳችሁ ላይ ለመተግበር መታገል የዚህ ጨዋታ ምርጥ ክፍል ነው።

ጠጠሮቹን እያንቀሳቀስኩ መሞከር እችላለሁ?

አዎ። ድረ ገጾቹ ራሳቸው ያለ ኢንጂን የሚሠራ የመሞከሪያ ሰሌዳ ሰጥተዋችኋል። ቤት ያለውን የእንጨት ሰሌዳ ብትጠቀሙም ማንም አይቃወምም።

ተጋጣሚዬ እንደሚያጭበረብር በምን አውቃለሁ?

ከአንድ ጨዋታ አታውቁም። ይህን ደጋግሜ የምናገረው በከንቱ የተወነጀሉ ሰዎች ስላየሁ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚቀርብልኝ «ማስረጃ» ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው «ጨዋታው ካለቀ በኋላ ሳየው ትክክለኛነቱ 95 በመቶ ነው» የሚል ነው። ጨዋታው አጭር ከሆነ፣ ግማሹ ከመጽሐፍ ከሆነ፣ ወይም እናንተ ቀድማችሁ ስለተሳሳታችሁ ለተጋጣሚያችሁ የቀረው መንገድ ግልጽ ከሆነለት፣ መካከለኛ ተጫዋችም ይህን ቁጥር ያመጣል። ሁለተኛው «ብሊትዝ (የጥቂት ደቂቃ ጨዋታ) ላይ ሬቲንጉ 1200 ነው፤ እዚህ 1700 ሆነ» የሚል ነው። ይህም ያጋጥማል። ሰዓት ሲያጣድፈው የሚደናገጥ ሰው ሦስት ቀን ሲሰጠው ሌላ ሰው ይሆናል። መጽሐፍም ተፈቅዶለታል።

ጥርጣሬ የሚያስነሳው ሌላ ነገር ነው። በብዙ ጨዋታ ተደጋግሞ፣ መጽሐፍ ካለቀ በኋላ፣ ምንም ግልጽ ነገር በሌለበት በተወሳሰበ አቀማመጥ፣ ሁልጊዜ ኢንጂን የሚመርጠውን የመጀመሪያውን እርምጃ መጫወት። ሰው ይደክማል፣ ይሳሳታል፣ የሚወደውን ዓይነት አቀማመጥ ይመርጣል። ለወራት ምንም ድካም የማይታይበት ጨዋታ ያጠራጥራል። ያም ሆኖ ጥርጣሬ ነው፤ ፍርዱን ለድረ ገጹ ተዉት።

ድረ ገጾቹ ግን እንዴት ይይዟቸዋል?

የአሠራራቸውን ዝርዝር አያወጡም፤ ምክንያቱ ግልጽ ነው። መሠረቱ ግን ስታቲስቲክስ ነው። የአንድን ሰው ብዙ ጨዋታዎች ወስዶ እርምጃዎቹ ከኢንጂን ምርጫ ጋር ምን ያህል እንደሚገጥሙ፣ በዚያ ደረጃ ካለ ሰው ከሚጠበቀው ምን ያህል እንደሚርቁ ማስላት ነው። በዚህ መንገድ ታዋቂ የሆኑት አሜሪካዊው የኮምፒውተር ሳይንስ ፕሮፌሰር ኬኔት ሪጋን ናቸው፤ ሥራቸውን የዓለም ቼዝ ፌዴሬሽንም ይጠቀምበታል።

በፈጣን ጨዋታ እያንዳንዱ እርምጃ የፈጀው ሴኮንድ ብዙ ይናገራል። በቀን በሚቆጠረው ግን ሰውዬው አምስት ሰዓት የቆየው እያሰበ ይሁን ተኝቶ አይታወቅም። ስለዚህ ብዙ ጨዋታ መሰብሰብ ያስፈልጋል፤ ውሳኔውም ይዘገያል። ሪፖርት አድርጋችሁ ለሳምንታት ምንም ባይሰማ ችላ ተባልን አትበሉ።

ከጠረጠርኩ ምን ላድርግ?

ጨዋታችሁን ጨርሱ። ከዚያ በድረ ገጹ የሪፖርት ቁልፍ የጨዋታውን ሊንክ አያይዛችሁ ላኩ። ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ሊረጋገጥ የቻለ እንደሆነ አካውንቱ ይታገዳል ወይም ምልክት ይደረግበታል፤ በቅርቡ ያጣችሁት ነጥብም ሊመለስላችሁ ይችላል።

ለሰውዬው በቻት «ሌባ» ብላችሁ አትጻፉ። በቴሌግራም ቡድን ስሙን አትለጥፉ። ይህ በተለይ ለእኛ ይሠራል። ደሴ ትልቅ ከተማ ብትመስልም ሰው ይተዋወቃል። አንድ ልጅ ሆጤ ሰፈር «አጭበርባሪ» ከተባለ ወሬው ማታውኑ እናቱ ቡና ላይ ይደርሳል። በኋላ ንጹሕ ሆኖ ቢገኝ ያንን ወሬ የሚሰበስበው የለም። በቡድናችን ያለ ማስረጃ ስም የሚያነሳን መልእክት ወዲያው እናጠፋለን። በዚህ ጉዳይ ላይ አንደራደርም።

እኔ ሳላጭበረብር ብታገድስ?

አብሽሩ፤ የይግባኝ መንገድ አለ። ሁለቱም ድረ ገጾች ይግባኝ ይቀበላሉ። በትሕትና፣ በአጭሩ፣ እውነቱን ጻፉ። ታናሽ ወንድማችሁ በአካውንታችሁ ተጫውቶ ከሆነ ያንኑ ንገሯቸው። አዲስ አካውንት ከፍቶ መመለስ ግን ነገሩን ያበላሸዋል።

ቤታችን ያለው አንድ ስልክ ነው። ከወንድሜ ጋር በአንድ አካውንት ብንጫወትስ?

አካውንት ለየብቻ ይሁን፤ ስልኩ አንድ መሆኑ ችግር የለውም። በአንድ ዋይፋይ ላይ መሆንም ጥፋት አይደለም፤ የካምፓስ ተማሪዎች ሁሉ እንዲያ ናቸው። አንድ ቤት ያላችሁ እርስ በርስ ስትጫወቱ ግን ሬቲንግ የማይቆጠርበትን ምረጡ። አንዱ ለሌላው ነጥብ የሚሰጥ እንዳይመስል።

የተሸነፈ ሰው ሆን ብሎ ሰባት ቀን እየጠበቀ ቢያንቀሳቅስ ማጭበርበር ነው?

ማጭበርበር አይደለም፤ ጊዜው የተፈቀደለት ነው። ነውር ግን ነው። መሸነፉን ያወቀ ሰው እጁን ይስጥ ወይም በጊዜው ያንቀሳቅስ። እንዲህ ያለው ሰው ካስቸገራችሁ በሚቀጥለው ጊዜ የአንድ ወይም የሁለት ቀን ጨዋታ ምረጡ።

ታናሽ ወንድሜ በኢንጂን ሲጫወት ያዝኩት። ምን ላድርገው?

በሰው ፊት አታዋርዱት። ብዙ ልጆች የሚጀምሩት መሸነፍ ስለሚያማቸው ነው፤ ክፍል ውስጥ ሬቲንጉን የሚጠይቀው ጓደኛም አለ። ጀምሮ ያልጨረሳቸውን ጨዋታዎች አቋርጦ እጅ እንዲሰጥ አድርጉት። ቀጥሎ ለአንድ ወር ሬቲንግ ሳይቆጠር ከእናንተ ጋር ይጫወት። ከእያንዳንዱ እርምጃ በፊት ለምን እንደመረጠው በቃሉ ይንገራችሁ። መናገር የሚችል ልጅ ማሰብ ጀምሯል።

ኢንጂን በግልጽ የሚፈቀድበት ቦታ የለም?

አለ። እ.ኤ.አ. በ1951 የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የደብዳቤ ቼዝ ፌዴሬሽን፣ አይሲሲኤፍ፣ በአብዛኞቹ ውድድሮቹ ኢንጂን ይፈቅዳል። መከልከሉን ማስከበር እንደማይቻል አይተው ለሁሉም እኩል ከፈቱት። ከላይ ባለው ደረጃ አብዛኛው ጨዋታ በአቻ ያልቃል። ሥራው ከምርምር ይቀርባል፤ ኢንጂኑ የማያየውን መፈለግ ነው። የምትወዱት ይህን ከሆነ ወደዚያ ሂዱ፤ ምንም ነውር የለበትም።

ኔትወርክ ጠፍቶ ጊዜዬ ቢያልቅብኝስ?

ትሸነፋላችሁ። ድረ ገጹ ምክንያት አይጠይቅም። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት በቆየ ጊዜ ከመካከላችን ብዙ ሰው ጥሩ ጥሩ ጨዋታዎችን በዚህ አጥቷል። ተጋጣሚዎቻቸውም ሸሽተው የጠፉ መስሏቸዋል።

ስለዚህ ረጅሙን ጊዜ ምረጡ፤ እስከ 14 ቀን አለ። በአንድ ጊዜ ብዙ ጨዋታ አትክፈቱ። ቼስ ዶት ኮም ላይ የዕረፍት ጊዜ መያዝ ይቻላል፤ ኔትወርኩ ሳይጠፋ በፊት ነው ታዲያ። ሊቼስ ላይ ለማያውቃችሁ ተጋጣሚ በመጀመሪያው ቀን «ያለሁበት ቦታ ኔትወርክ ሊቋረጥ ይችላል» ብላችሁ ጻፉለት። ብዙዎቹ ይረዳሉ።

በእኛ ቡድን ውስጥ ደግሞ በኔትወርክ ምክንያት የተቋረጠ ጨዋታ እንዲቀጥል እንፈቅዳለን። በሁለቱም ድረ ገጾች ከተፈለገው አቀማመጥ ተነስቶ ሬቲንግ የማይቆጠርበት አዲስ ጨዋታ መጀመር ይቻላል። የመጨረሻውን አቀማመጥ ፎቶ አንሥታችሁ አስቀምጡት። ከተቋረጠበት እስከሚቀጥልበት ያለው ጊዜም እንደ ጨዋታ ጊዜ ይቆጠራል፤ ሁለት ወር ቢፈጅም ያንን አቀማመጥ በኢንጂን ማየት አይፈቀድም።